አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ፦ በሐረር የሕሙማንና የተማሪዎች አባት

ከጅግጅጋ ተነሥቶ የካራማራን ተራራ አቋርጦ፣ የፋፈንን ሸለቆ ተሻግሮ፣ በባቢሌ የድንጋይ ክምሮች መካከል ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ ርዝመቱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ የጅግጅጋ ነጋዴ፣ የባቢሌ የለውዝ ገበሬ፣ የቀብሪ በያህ ከብት አርቢና የሐረር ሸማች ዘወትር ይመላለሳሉ። ባቢሌን አልፎ ወደ ሐረር ሲቃረቡ ቢሲዲሞ የምትባል መንደር ትገኛለች። በዚያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራ ሆስፒታል አለ። ከምሥራቁ ቆላም ሆነ ከደጋው ሰው የሚያገለለው ሕመምተኛ ብዙ ዘመን መጠለያው ይህ ስፍራ ነበር።

በሐረር ምድር ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ማረፊያ የማዘጋጀቱ ሐሳብ ግን ከቢሲዲሞ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ይቀድማል። ታሪኩ የሚጀምረው ከሐረር ግንብ አጠገብ ነው፤ ሥራውም የተከናወነው በአንድ ጳጳስ ዘመን ነው። እኒህ ሰው የአገሬው ሰው አባ እንድርያስ ይላቸው የነበሩት፣ የልጅ ተፈሪ መኰንን የትምህርት አባት የነበሩት የካፑቺን መነኩሴ ሞንሴኞር እንድርያስ ዣሮሶ ናቸው። ሐረር የእስልምና ትምህርት ከተማ ነች፤ ገዥዎችዋም በእርሳቸው ዘመን የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ነበሩ። እርሳቸው የባዕድ አገር ሰው፣ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ካህንም ሆነው በዚህች ከተማ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖሩ። እንግዳ የሆነ እምነት በሌላው ጎረቤት ዘንድ እንዴት ሊከበር እንደሚችል የሕይወታቸው ታሪክ ያሳያል።

ከቬንዴ ገጠር እስከ ሐረር ግንብ

እንድርያስ ዣሮሶ በ1850 ዓ.ም. በምዕራብ ፈረንሳይ፣ ቬንዴ በሚባለው አውራጃ፣ ሴን ማር ዴ ፕሬ በተባለች ትንሽ የገጠር መንደር ተወለዱ። ቬንዴ እርሻና ከብት ርባታ የሚበዛበት አገር ነው። ሕዝቡም በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ስለ ሃይማኖቱና ስለ ካህናቱ ጦር አንሥቶ የተነሣ፣ በእምነቱ የጸና ሕዝብ ነው። ወጣቱ እንድርያስ በዚህ መንፈስ አድገው የካፑቺን ማኅበር አባል ሆኑ። ካፑቺኖች የቅዱስ ፍራንሲስኮስን ሥርዓት የሚከተሉ፣ ቡናማ ቀሚስ ለብሰው በገመድ የሚታጠቁ፣ ጢማቸውን የሚያሳድጉ፣ የግል ሀብት እንዳይኖራቸው ስእለት የገቡ መነኮሳት ናቸው።

በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ መንግሥት በመነኮሳት ማኅበራት ላይ ጠንካራ ሕግ አውጥቶ ስለነበር ብዙዎቹ መነኮሳት ከአገራቸው ወጥተው በሌላ አገር ያገለግሉ ጀመር። አባ እንድርያስም በ1870ዎቹ አጋማሽ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጡ። ባቡር ገና አልተዘረጋም፤ መንገዱም ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ የኢሳ ሶማሌዎችን አገር አቋርጦ፣ በጅልዴሳ በኩል ወደ ሐረር የሚወጣ የግመል መንገድ ነበር። ይህ ዛሬ የሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ወረዳዎች የሚገኙበት ምድር ነው። መንገደኛው በዚህ ሲያልፍ ሕይወቱ በውኃ ጉድጓድ፣ በግመል ባለቤቱ ታማኝነትና በአካባቢው ሽማግሌዎች ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበር።

አባ እንድርያስ የገቡበት ሚሲዮን የራሱ ረዥም ታሪክ ነበረው። ሮም ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴነት ያቋቋመችው በ1838 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያው ጳጳስ ጣሊያናዊው ጉልዬልሞ ማሳያ ነበሩ። ማሳያና የሥራ ጓዳቸው ቶሪን ካኻኝ በሸዋ በምኒልክ ዘንድ ተቀባይነት ቢያገኙም፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖትን አንድነት ካወጁ በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ቶሪን ግን ተስፋ ሳይቆርጡ በ1873 ዓ.ም. በሌላ በር፣ ማለትም በሐረር በኩል ተመለሱ። ሐረር ያን ጊዜ ከ1868 ዓ.ም. ጀምሮ በግብጾች እጅ ነበረች።

ስለዚህ አባ እንድርያስ ሐረርን ያወቋት በግብጽ ባንዲራ ሥር ሆና ነው። በ1877 ዓ.ም. ግብጾች ሲወጡና ሥልጣኑ ወደ አሚር አብዱላሂ ሲመለስ አዩ። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ንጉሥ ምኒልክ ከተማዋን ሲይዙና ለአክስታቸው ልጅ ለመኰንን ሲሰጡም አዩ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት መንግሥት የተፈራረቀባት ከተማ ነበረች። በእያንዳንዱ መፈራረቅ ሚሲዮኑ ሊዘጋ ይችል ነበር። ሳይዘጋ የቆየው በገዥዎች ፈቃድ ብቻ አልነበረም፤ ከግንቡ ውስጥና ውጭ የሚኖረው ሕዝብ መነኮሳቱን በሥራቸው ስለለመዳቸውም ጭምር ነው።

በዚያ ዘመን ሐረር ውስጥ ከነበሩት ጥቂት አውሮፓውያን አንዱ ግጥም መጻፍ ትቶ ንግድ የያዘው ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ነበር። አባ እንድርያስ ያውቁት ነበር። ከዓመታት በኋላ ስለ እርሱ የሚጠይቁ ጸሐፍት ሲመጡ፣ በሐረር ቁጥብና ጸጥተኛ ኑሮ ይኖር እንደነበር መስክረውለታል። ራምቦ በ1883 ዓ.ም. እግሩን ታሞ በቃሬዛ ከሐረር ወጣ፤ ሳይመለስም በማርሴይ ሞተ። አባ እንድርያስ ግን በዚያው ከተማ ገና ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ይቀራቸው ነበር።

ክፉ ቀን

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የነበረው ዘመን በኢትዮጵያ ታሪክ ክፉ ቀን ተብሎ ይታወቃል። የገበሬው የመከራ ምንጭ የከብት እልቂት ነበር። ደስታ በሽታ ከምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሪቱን የቀንድ ከብት አብዛኛውን ፈጀ። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ዝናቡም ቀረ፤ አንበጣና ተምች የተረፈውን በላ፤ ከረኃቡ ጋር ኮሌራና ፈንጣጣ ተከተሉ። ከብት የአርብቶ አደሩ ጎተራ ነውና የሶማሌውና የአፋሩ ምድርም ከዚህ መከራ አልዳነም።

በዚያን ጊዜ አንድ የሃይማኖት ቤት የሚመዘነው በሩን በመክፈቱና በመዝጋቱ ነበር። የሐረር ካፑቺኖች የሙት ልጆች ማሳደጊያና ትንሽ ትምህርት ቤት ነበራቸው። ረኃብ ያፈናቀላቸው ልጆች መጠጊያ ያገኙት በእንዲህ ያሉ ቤቶች ነው። አባ እንድርያስ በኋላ ጳጳስ ሲሆኑ የተከተሉት መንገድ ከዚህ ዘመን የተማሩት ይመስላል። የስብከት ቃል ብቻውን የተራበን አያጠግብም፤ የታመመንም አያነሣም። ቤተ ክርስቲያን በሰው መካከል ቦታ የምታገኘው ሰውን ስታገለግል ነው።

1892 ዓ.ም.፦ ሐረር፣ ጅግጅጋና በርበራ

ቶሪን ካኻኝ ካረፉ በኋላ በ1892 ዓ.ም. አባ እንድርያስ ሦስተኛው ሐዋርያዊ እንደራሴና ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ። ይህ ዓመት ለጅግጅጋም የማይረሳ ዓመት ነው። በመጋቢት 1892 ዓ.ም. የሰይድ ሙሐመድ አብዱላሂ ሐሰን ደርቪሾች ከአርብቶ አደሩ የተወሰዱ ግመሎችንና ከብቶችን ለማስመለስ በጅግጅጋ የሠፈረውን የኢትዮጵያ ጦር ወጉ። ውጊያው ከባድ ነበር፤ ከሁለቱም ወገን ሰው አለቀ።

የሰይዱ እንቅስቃሴ እንዴት እንደተነሣ በሰፊው ሲተረክ ከሚነሡት ምክንያቶች አንዱ ከካቶሊክ ሚሲዮን ጋር የተያያዘ ነው። በእንግሊዝ እጅ በነበረችው በበርበራ የካፑቺን መነኮሳት ሙት ልጆችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። የሶማሌ ልጆች ከአባቶቻቸው እምነት ተለይተው ሲያድጉ ማየት ለሙስሊሙ ኅብረተሰብ ታላቅ ቁስል ሆነ። ለቁጣው የግብርና የአስተዳደር በደልም ተጨመረበት። በመጨረሻ የእንግሊዝ አስተዳደር ራሱ የበርበራውን ሚሲዮን ዘጋ።

እነዚያ መነኮሳት ለሶማሌ ሕዝብ የተዉት በጎ ነገርም አለ። ከመካከላቸው አባ ኤቫንጀሊስት ደ ላራዣስ እ.ኤ.አ. በ1897 የሶማሊኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አሳትመዋል። ሶማሊኛ የራሱን ይፋዊ ፊደል ከማግኘቱ ሰባ አምስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሆኖም መዝገበ ቃላቱም ቢሆን የልጆቹን ጉዳይ ሊያስረሳ አልቻለም። ሕዝብ ቋንቋውን የሚያጠናለትን ሰው ያመሰግናል፤ ልጁን የሚወስድበትን ግን አይታገሥም።

በሐረር የነበረው አካሄድ ከዚህ የተለየ ሆነ። አንድ ሕዝብ እምነቱ እንዳይነካበት ያለውን ፍርሃት አቡነ እንድርያስ በዓይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ። የሚያስተዳድሯቸው ቤተ ክርስቲያኖችና ትምህርት ቤቶች በሐረር፣ በአዋሌና በላፍቶ በመሳሰሉ ቦታዎች ነበሩ። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስና አዲሲቱ ከተማ ስትቆረቆር ሚሲዮኑ ወደዚያም ዘለቀ። ከትምህርት ቤቶቹ የወጡ ወጣቶች በባቡር ጣቢያ፣ በጉምሩክ፣ በቴሌግራፍና በአስተርጓሚነት ሥራ ገቡ። ከእነዚህ ተማሪዎች ብዙዎቹ ካቶሊክ አልነበሩም።

ልጅ ተፈሪና አባ ሳሙኤል

ደጃዝማች፣ ኋላም ራስ መኰንን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበሩ። በሐረር መድኃኔ ዓለምን፣ በቁልቢ ቅዱስ ገብርኤልን ያሠሩ ሰው ናቸው። ሆኖም አውሮፓን አይተው የተመለሱ መስፍን ስለነበሩ ለልጃቸው የውጭ ቋንቋ እንደሚያስፈልገው ተረዱ። ልጅ ተፈሪ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ተወልዶ የቤተ ክህነት ትምህርቱን ከአገሩ ካህናት እየተማረ ነበር። ራስ መኰንን ፈረንሳይኛ እንዲማር በፈለጉ ጊዜ ወደ አቡነ እንድርያስ ላኩ።

ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። የኦርቶዶክስ ካህናት የካቶሊክ ሚሲዮንን በጥርጣሬ ያዩት ነበር፤ ጥርጣሬውም ከሱስንዮስ ዘመን ጦርነት ጀምሮ የወረደ ነው። የመስፍን ልጅ በካቶሊክ ጳጳስ እጅ ተምሮ እምነቱን ቢለውጥ ለሐረር ብቻ ሳይሆን ለመላው አገር ብጥብጥ ይሆን ነበር። አቡነ እንድርያስ ለዚህ ሥራ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን መረጡ። አባ ሳሙኤል የቤተ ክህነት ሰው ልጅ፣ በሚሲዮኑ የተማሩ፣ የአገራቸውን መጻሕፍትና ፈረንሳይኛን አጣምረው የያዙ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። በራስ መኰንን ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት የጓዴሉፕ ተወላጅ ዶክተር ቪታሊየንም በማስተማሩ ረዱ።

ልጅ ተፈሪ ከአባ ሳሙኤል ቋንቋና እውቀት፣ ከአቡነ እንድርያስ ደግሞ ምክር እያገኘ አደገ። እምነቱ ግን ከአባቱ እንደወረሰው ኖረ። ጳጳሱ አደራ የተሰጣቸውን ልጅ አስተምረው አደራውን ሳያጎድሉ መለሱ። ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. በቁልቢ ሲያርፉ ልጁ ገና አሥራ አራት ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚያ በኋላ አቡነ እንድርያስ ለአባት አልባው ልጅ የቅርብ መካሪ ሆነው ቆዩ። ተፈሪ በ1902 ዓ.ም. የሐረር ገዥ ሲሆንም ይህ ቅርበት አልተቋረጠም።

አባ ሳሙኤል ግን ዕድሜ አላገኙም። ግንቦት 30 ቀን 1907 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ ከተከታዮቻቸው ጋር በሐሮማያ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲሄዱ ጀልባዋ ውኃ ገብቶባት ሰጠመች። ደጃዝማቹ በጭንቅ ከሞት ተረፉ፤ አባ ሳሙኤል በዚያው ቀሩ። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት የታየ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውኃው የተመለሰለት ሐይቅ ነው። በዳርቻው የሚያለማ ገበሬ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የመስኖውን ነገር ነው። በዚያ ጥልቀት የሰጠሙት መምህር የአንድ ንጉሠ ነገሥት ዐይን ገላጭ እንደነበሩ ግን ሊታወስ ይገባል።

ከከተማው ውጭ የነበረው መንደር

ሥጋ ደዌ በዚያን ዘመን መድኃኒት አልነበረውም። በአገሬው ልማድ ሕመሙ ከዘር የሚወርድ ወይም ከቁጣ የመጣ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። የታመመ ሰው ከጋብቻ፣ ከማኅበር፣ ከገበያ ይለያል። ርስቱን ዘመድ ይወስድበታል፤ እርሱም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጅ ወይም በከተማው በር ተቀምጦ ይለምናል። በሐረር በሮች ላይም ብዙዎች ነበሩ።

በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ አቡነ እንድርያስ ጳጳስ ከሆኑ ብዙም ሳይቆይ፣ አባ ማሪ በርናር የተባሉ ካፑቺን መነኩሴ በሐረር አቅራቢያ ለእነዚህ ሕሙማን መጠለያ መሠረቱ። መጠለያው በፓዱዋው ቅዱስ አንጦንዮስ ስም ተጠራ። የፍራንሲስካን እኅቶችም በማስታመሙ ሥራ ተሰለፉ። ለዚሁ መንደር መደገፊያ በቅዱስ አልዓዛር ስም ማተሚያ ቤት ተቋቁሞ ከ1897 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ዘሪ የሚል ትርጉም ያለው የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያወጣ ነበር። በአገራችን የጋዜጣ ታሪክ ከቀዳሚዎቹ ተርታ የሚቆጠር ኅትመት ነው። ከሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር የወጣ መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

የመንደሩ ትልቁ ቁም ነገር ሕሙማኑ ሃይማኖታቸው ሳይለይ ቁስላቸው የሚታጠብበት ስፍራ መሆኑ ነው። ሕመሙ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ ኦሮሞና ሶማሌ፣ አደሬና አማራ ሳይል የሚይዝ ነውና የሚታከመውም እንዲሁ ነበር። መድኃኒት ባይኖርም ንጹሕ ውኃ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ትኩስ ምግብና ስሙን የሚጠራው ሰው ለታመመ ሁሉ ትልቅ ነገር ነበረ።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ሥጋ ደዌ ከባክቴሪያ የሚመጣ እንጂ ከዘር የሚወርድ ወይም የእርግማን በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ መድኃኒቶችን አጣምሮ በመውሰድ ፈጽሞ ይድናል፤ ሕክምናውም በነጻ ይሰጣል። በቆዳ ላይ ቀለሙ የፈዘዘ፣ ሲነካ ስሜት የሌለው ምልክት ያየ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ቶሎ ቢሄድ አካሉ ሳይጎዳ ይፈወሳል። የቀድሞዎቹ ሕሙማን ያጡት ይህን ዕድል ነው።

የንስሐ ምሥጢር

የአቡነ እንድርያስን ቤተ ክርስቲያን ከውስጥ ያቆማት የንስሐ ሥርዓት ነበር። በካቶሊክ ሕግ አንድ ምእመን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለካህን ኃጢአቱን መናዘዝ አለበት። ካህኑ የሰማውን ለማንም፣ ለዳኛም ለንጉሥም ቢሆን፣ አይገልጥም፤ ቢገልጥ ከቤተ ክርስቲያን ይለያል። የኦርቶዶክሱም ምእመን ቢሆን የንስሐ አባት አለው። የንስሐ አባት ቤተሰቡን የሚያውቅ፣ ክርስትና ሲነሣ፣ ሲጋባ፣ ሲጣላ፣ ሲታረቅና ሲቀበር የማይለይ ሰው ነው። በዚህ ነገር ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ይቀራረባሉ።

ምእመኑ በተበታተነበት፣ ካህኑ ጥቂት በሆነበት አገር ንስሐ መቀበል ማለት በበቅሎ መጓዝ ማለት ነው። ጳጳሱና ካህናቱ ከሐረር ወደ ገጠሩ ጣቢያዎች ሲወርዱ የጥቂት ቤተሰቦችን ኑዛዜ ለመስማት የቀናት መንገድ ይሄዱ ነበር። ካህኑ የሚሰማው የነፍስን ነገር ብቻ አይደለም። የድንበር ጠብ፣ ያልተከፈለ ብድር፣ የተጣሉ ወንድማማቾች ጉዳይ ሁሉ በንስሐ ይወጣል። ካህኑም የበደለ እንዲክስ፣ የተጣላ እንዲታረቅ ይመክራል። እንዲህ ሲሆን ንስሐ የመንደር ሰላም መጠበቂያ ይሆናል። በሶማሌው ዘንድ የአገር ሽማግሌ በሄር ሥርዓት የሚያደርገውን እርቅ የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም። መንገዱ ቢለያይም መድረሻው የተበላሸውን ማቃናት ነው።

አቡነ እንድርያስ ይህን ሥራ የአገሩ ተወላጆች እንዲወርሱት ይሹ ነበር። ስለዚህም ኢትዮጵያውያን ካህናትን ለማፍራት ዘርዓ ክህነት አቋቁመው አስተማሩ። የሰውን ምሥጢር የሚሰማ ካህን የሰውየውን ቋንቋና የኑሮውን ችግር ማወቅ ይገባዋልና፣ ከባሕር ማዶ የመጣ መነኩሴ ብቻውን ሊሸከመው የማይችል ሸክም ነበር።

ስለ እርሳቸው ሲጻፍ እንከናቸውም ሊዘለል አይገባም። ሚሲዮኑ በፈረንሳይ መንግሥት ጥበቃ ሥር ስለነበር ከፖለቲካ ርቆ ሊኖር አልቻለም። በልጅ ኢያሱ ዘመን፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት አገሪቱን በሁለት ወገን ሲስባት፣ የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን ልብ ወደ አገራቸው ወገን ማድላቱ የታወቀ ነው። ጳጳሱም የተፈሪ ወዳጅ ነበሩ፤ ተፈሪ ደግሞ የሥልጣን ተፎካካሪ። ለአንዱ ወገን አባት የሆነ ሰው በሌላው ወገን ዘንድ በጥርጣሬ መታየቱ አይቀርም። እርሳቸውም ከዚህ አላመለጡም።

ጦርነትና ስደት

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ያ የሐረር ልጅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ ነገሠ። መምህራቸው ያን ጊዜ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸው፣ ነጭ ጢማቸው ደረታቸውን ሸፍኖ፣ በሐረር በዚያው በመነኩሴ ኑሮ ነበሩ። የተማሪያቸው መንገሥ የአኗኗራቸውን ሥርዓት አልለወጠውም።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነት መጣ። በኅዳር 1927 ዓ.ም. በወልወል የተነሣው ግጭት ለኢጣሊያ ወረራ ሰበብ ሆነ። በግራዚያኒ የሚመራው ጦር በኦጋዴን በኩል ወደ ሰሜን ገፋ። ሐረር ጦር የማይቀመጥባት ክፍት ከተማ መሆንዋ ተነግሮ ሳለ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተደበደበች። በሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወጡ የሐረርጌ ሰው መንግሥት አልባ ሆነ። ጅግጅጋ በዚያው ወር መጨረሻ በጠላት እጅ ገባች፤ ሐረርም ሚያዝያ 30 ቀን ተያዘች።

ፋሽስቶች ኢጣሊያዊ ያልሆነ ሚሲዮናዊ በቅኝ ግዛታቸው እንዲኖር አልፈለጉም። ይልቁንም የተሰደደው ንጉሥ መምህር የነበሩ ፈረንሳዊ ጳጳስ በሐረር መቆየታቸው አላስደሰታቸውም። የእንደራሴነቱ ስም ወደ ሐረር እንደራሴነት ተለወጠ፤ መንበሩም ለኢጣሊያዊው ጳጳስ ለሊዮኔ ኦሶላ ተሰጠ። አቡነ እንድርያስ በሰማንያ ዓመታቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖሩባትን ከተማ ለቅቀው ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ቱሉዝ ገዳም እንዲመለሱ ሆነ። ወጣት ሳሉ የተዉት አገር ለሽማግሌው ስደት ሆነባቸው፤ በእርጅናቸው የተነጠቁት አገር ሐረር ነበርና።

በቱሉዝ ሦስት ዓመት ያህል ቆዩ። ጥር 10 ቀን 1933 ዓ.ም. በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ቀኑ በኢትዮጵያ ታቦታት ወደ ባሕረ ጥምቀት የሚወርዱበት የከተራ ዕለት ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ተማሪያቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል የሱዳንን ድንበር ተሻግረው የኢትዮጵያን ምድር ረገጡ። ጳጳሱ ይህን ሳይሰሙ አለፉ።

ለዛሬ የቀረው

ከሐረር እስከ ጅግጅጋ ያለው ምድር ዛሬ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር የሐረር ሐዋርያዊ እንደራሴነት አካል ነው። የአቡነ እንድርያስ መንበር ወራሽ መሆኑ ነው። በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች ክርስቲያኖች ከሙስሊሙ ወንድሞቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። ኑሮአቸው በገበያ፣ በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤትና በጉርብትና ከብዙኃኑ ጋር የተሳሰረ ነው።

ይህ ትስስር ሲላላ የሚመጣውን የጅግጅጋ ነዋሪ በዓይኑ አይቶታል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ በጅግጅጋና በሌሎች የክልሉ ከተሞች በተፈጠረው ሁከት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ካህናትና ምእመናን ተገድለዋል፤ ንብረት ተዘርፏል። የተቃጠለ ግድግዳ በሲሚንቶ ይታደሳል። የተሰበረ ጉርብትና ግን የሚጠገነው በሌላ ነገር ነው።

የአቡነ እንድርያስ ሕይወት በዚህ ላይ የሚሰጠው ትምህርት አለ። በበርበራ ሕዝቡ ልጆቹ የተወሰዱበት ሲመስለው ተቆጣ። በሐረር ግን አንድ ጳጳስ የሰው ልጅ ተቀብለው፣ አስተምረው፣ ከነእምነቱ ለወገኑ መለሱ። የሰው ምሥጢር ሰምተው ጠበቁ። ማንም የማይነካውን ሕመምተኛ ማንነቱን ሳይጠይቁ የሚያስታምም ቤት አቆሙ። ሦስቱም አደራ ናቸው፤ እምነትን በጎረቤት ዘንድ የሚያስከብረውም አደራ መጠበቅ ነው። በቢሲዲሞ በኩል ወደ ሐረር የሚያልፍ መንገደኛ የዚያን ሆስፒታል በር ሲያይ፣ ይህ የአደራ መንገድ ከአንድ ምዕት ዓመት በፊት በሐረር ግንብ ሥር እንደተጀመረ ቢያስታውስ መልካም ነው።